ፊኛ የሚገዛልን ድርጅት ፍለጋ

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ለክበባችን ውድድር ስፖንሰር ፍለጋ፣ አሥራ አራት ገጽ ፕሮፖዛል ይዤ ሰንጋ ተራ ወረድኩ። ባለቀለም ነው፤ ተጠርዟል። ውስጡ «ወርቅ ስፖንሰር»፣ «ብር ስፖንሰር»፣ «ነሐስ ስፖንሰር» የሚል ሠንጠረዥ አለው። ለሠንጠረዡ ብቻ ሁለት ሌሊት አምሽቻለሁ። ዘጠኝ መሥሪያ ቤት አስገባሁ። መዝገብ ቤቶቹ ግልባጩ ላይ ማህተም እየመቱ መለሱልኝ። ዘጠኝ ማህተም ይዤ፣ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ፣ ሜክሲኮ ጋ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ ጠጣሁ።

ከዘጠኙ አንድም አልደወለም።

ልናዘጋጅ ያሰብነው ለኮሌጅ ተማሪዎች የፕሮግራሚንግ፣ ማለትም ኮድ የመጻፍ፣ ውድድር ነበር። እኔ የግቢያችን የተማሪዎች ክበብ ሰብሳቢ ነኝ። አካሄዱን የወሰድነው ከዓለም አቀፉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ውድድር፣ ከአይሲፒሲ ነው፤ ሦስት ልጅ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አምስት ሰዓት። ቡድኑ አንድ ጥያቄ በፈታ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ፊኛ ይታሰርለታል፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱ ቀለም አለው። ተሳስቶ አስገብቶ ኋላ ከፈታው፣ ለእያንዳንዷ ስህተት 20 ደቂቃ ቅጣት ይጨመርበታል። የመጨረሻው አንድ ሰዓት ላይ የውጤት ሰሌዳው ይቆለፍና ማን እየመራ እንደሆነ አይታይም። ያን ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ያለውን ጭንቀት ካላያችሁት ጭንቀት አታውቁም።

30 ቡድን፣ 90 ተማሪ ልንጠራ ነው። የኮምፒውተር ላብ ግቢው ፈቀደልን። የዳኝነቱ ሶፍትዌር፣ ዶምጀጅ የሚባለው፣ በነፃ ይገኛል። የጎደለን ምሳ፣ ውሃ፣ ቲሸርት፣ ሽልማትና ፊኛ ነው። እኔ ግን ደብዳቤው ላይ የጠየቅኩት ገንዘብ ነበር።

ስህተቴን ያስተማሩኝ አንዲት የፋይናንስ ኃላፊ ናቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስባል ቆይቼ አንድ ቀን ጸሐፊዋ አዘነችልኝና አስገባችኝ። መነጽራቸውን አደረጉና ፕሮፖዛሉን ገለጥ ገለጥ አደረጉት።

«ልጄ፣ ብሩን ብንሰጥህ በማን ስም ደረሰኝ ታመጣልናለህ?»

«በክበባችን ስም።»

«ክበባችሁ ቲን ቁጥር አለው?»

ዝም አልኩ።

«ታዲያ እኔ ለኦዲተር ምን ልበል? አንድ ጎበዝ ልጅ መጥቶ ወሰደው ልበል?» ሌላ ገጽ ገለጡ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ፊኛ 200? ልደት አለባችሁ እንዴ?»

አስረዳኋቸው። ሳቁ። ሳቃቸው ደስ ይላል፤ ግን አልፈረሙም። «በዚያ ላይ» አሉኝ ስወጣ፣ «በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። ግንቦት ላይ ማን ብር አለው?»

እስከ ስታዲየም በእግሬ ሄድኩ። ድርጅቶቹ ብር የላቸውም፣ ወይም ንፉግ ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ነገሩ ሌላ ነው። ደረሰኝ ለሌለው ሰው ብር ማውጣት አይችሉም። በግቢው አካውንት ይግባ ቢባል ይገባል፤ ሲወጣ ግን የግዥ ሥርዓቱን ሁሉ አዳርሶ ነው፤ እስከዚያ እኛ ተመርቀናል። ምሳውን ግን ድርጅቱ ራሱ ከምግብ ቤት ሊገዛ ይችላል። ደረሰኙ በስሙ ይቆረጣል፣ እኛ ምሳውን እንረከባለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ገንዘብ ጠይቄ አላውቅም። ዕቃውን በስሙ ጠርቼ፣ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የሻጮች የዋጋ ማቅረቢያ፣ አያይዤ እሄዳለሁ።

ሁለተኛውን ትምህርት ያገኘሁት ካዛንቺስ፣ ቡና ላይ ነው። ከእኔ ሁለት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ ልጅ እዚያ አካባቢ አንድ ድርጅት አይቲ ክፍል ይሠራል።

«ማርኬቲንግ ጋ ምን ወሰደህ?» አለኝ። «እነሱ የሚቆጥሩት ባነሩን ስንት ሰው አየው የሚለውን ነው። ዘጠና ተማሪ ለእነሱ ምንም አይደለም። የእኛን አለቃ አናግር፤ ኮድ የሚጽፍ ሰው አጥቶ ሊያብድ ነው።»

ኮድ የሚጽፍ ሰው ፍለጋ ስፖንሰር መሆን እኮ አዲስ ነገር አይደለም። የኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም አይሲፒሲን እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2017 ስፖንሰር አድርጓል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለጽድቅ ብቻ ነው የከፈለው ብሎ የሚያምን ካለ ይመን። እኔ አላምንም፤ በዚህም አልከፋም።

አሥራ አራቱን ገጽ ጥዬ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ሐምሌ ላይ፣ አዲሱ በጀት ሲከፈት፣ አለቃውን አገኘሁት። ምሳና ቲሸርት በአሥር ደቂቃ ውስጥ እሺ አለ። ቀጥሎ የእሱ ጥያቄ መጣ፤ የተወዳዳሪዎቹ ስም ከነስልካቸውና ከነውጤታቸው፣ ከውድድሩ ጥያቄዎች አንዱ ስለድርጅቱ መተግበሪያ እንዲሆን፣ እና የአሥር ደቂቃ ንግግር።

ዝርዝሩን ልሰጠው ነበር። የክበቡ ጸሐፊ ናት ያስቆመችኝ። «ስልኬን ስጥ ብሎ ማን ፈቀደልህ?» ልክ ነበረች። መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «መረጃዬ ለስፖንሰሩ ይሰጥ» የሚል ሳጥን ጨመርን። አብዛኛው ልጅ ምልክት አደረገ፤ ያላደረገው ስሙ ከዝርዝሩ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ ሲወጣ ቴሌግራም ላይ ላከችልኝ። ምንም አልጻፈችበትም፤ አዋጁን ብቻ።

ስለ መተግበሪያው ያለውን ጥያቄ እምቢ አልን። ጥያቄ የዳኞች ነው፤ እዚያ ድርጅት ኢንተርን የወጣ ልጅ ካለ ገና ሳይጀመር ቀድሞ ገባ ማለት ነው። በምትኩ ዋንጫውን እሱ ይስጥ አልነው።

ንግግሩን ግን ተቀበልኩ። በ2016 ጥቅምት፣ የውድድሩ ዕለት ጠዋት፣ አሥር የተባለው ደቂቃ አርባ አምስት ሆነ። ዘጠና ልጅ ኪቦርድ ላይ እጁን አድርጎ የአንድ ድርጅት አመሠራረት ታሪክ ሰማ። ወለሉ ቢከፈትና ብገባበት ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ስምምነታችን ላይ «ንግግር ከውድድሩ በኋላ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ።

ሰውዬውን ግን አትቀየሙት። ሦስተኛው ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ግቢው ጄኔሬተር አለው፤ ናፍጣ የለውም። እኔ ስልኬን ይዤ ወዲያ ወዲህ ስል፣ እሱ ኮቱን አውልቆ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ገመድ ይከተላል። ቢሮው ደውሎ ለሰርቨሩ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየውን፣ አስመጣ። ሲነሳ ጉልበቱ አቧራ ነው። ቀና ብሎ ክፍሉን አየ፤ ልጆቹ አልተነሱም። ወረቀታቸውን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ኮድ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። አንዱ ቡድን ኋላ ቆመና ብዙ ቆየ።

«እነዚህ የስንተኛ ዓመት ናቸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

መብራት ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ ሰዓቱን አራዘምንላቸው። ከዚያ ቡድን ሁለቱ ክረምቱን እሱ ጋ ሠሩ። የኔ ፕሮፖዛል ያላደረገውን መብራት ኃይል አደረገልኝ ብዬ እቀልዳለሁ።

በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ወደ ፋይናንስ ኃላፊዋ ተመለስኩ። አንድ ገጽ፣ ሦስት ፕሮፎርማ። ረስተውኛል ብዬ ነበር።

«የልደቱ ልጅ!» አሉኝ።

አነበቡ። ጣታቸው ፊኛው ላይ ሲደርስ ቆመ። «ስንት ቀለም ነው?»

«አሥራ አንድ። ለየጥያቄው አንድ።»

«አንዱን የእኛን ቀለም አድርገው» ብለው ፈረሙ።

አደረግን። ቀለም የሚደለድሉት ዳኞች ናቸው፤ ለማን የትኛው እንደደረሰ እኔ አላየሁም። የእሳቸው ቀለም ለመጨረሻው፣ ከሁሉ ለከበደው ጥያቄ ደርሶ ኖሮ አንድም ቡድን አልፈታውም። በሽልማቱ ሰዓት ኃላፊዋ አዳራሹን ዞር ዞር ብለው አዩ። ፊኛዎቹ ሳይነፉ እንደታሸጉ ካርቶን ውስጥ ነበሩ። ሮጬ ሄጄ አንዱን ነፋሁና ወንበራቸው ላይ አሰርኩላቸው።

አሁን የስፖንሰር ቀለም የሚሰጠው ለቀላሉ ጥያቄ ነው።