«ትንሽ ያስመልሰኛል»

የሚጮህ ሕመምተኛ ለነርስ ቀላል ነው። ሐኪሙ ይሮጥለታል፣ ዘመዱም ይሰበሰባል። የሚከብደው «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ነው» እያለ አልጋው ጠርዝ ላይ የሚቀመጠው ነው። በቀዶ ጥገና ክፍል ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ አሁንም የሚያስፈራኝ ይኸኛው ነው።

ይቺ ሴትዮ የመጣችው ማታ ነው። ክብደት ለመቀነስ ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ጥገና ከተሠራች ሁለት ወር አልፏታል። የተሠራችው ሌላ ቦታ ነው። ካርዷ ላይ «ድካም፣ የእግር መደንዘዝ፣ ማቅለሽለሽ» ተብሎ ተጽፏል። ያስመልስዎታል ወይ ብዬ ስጠይቃት፣ «ትንሽ ያስመልሰኛል። ከዚህ ኦፕራሲዮን በኋላ መቼም ያለ ነው» አለችኝ።

ቅጽ እንድትፈርም ሰጠኋት። እስኪሪብቶውን ያዘችና የግራ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። ከዚያ ፈረመች።

«ዓይንዎን ያምዎታል?»

«አይ፣ መስመሩ ሁለት እየሆነብኝ ነው። ድካም ነው መሰለኝ።»

ተነስታ ወደ አልጋው ስትሄድ ደግሞ እግሮቿን አራርቃ፣ ግድግዳውን በጣቶቿ እየዳሰሰች ነበር። የደከመው ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል እንጂ እንደዚህ አይሄድም። ይሄ የሰከረ ሰው አካሄድ ነው፤ እሷ ግን መጠጥ የሚባል ነገር አልቀመሰችም።

ወንበር ሳብኩና አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጥያቄዬንም ቀየርኩት። «ዛሬ ምን ዋጡ? ትናንትስ? ሳይመለስ የቀረ ምግብ መጨረሻ የበሉት መቼ ነው?» መጀመሪያ ልትሸፋፍን ሞከረች። በኋላ ግን ወጣላት። ከአምስት ሳምንት በላይ ሆኗታል። ሾርባውም ይመለሳል፣ ውሃውም ግማሹ ይመለሳል። የታዘዘላት ቫይታሚን ቦርሳዋ ውስጥ አለ፣ ገና ሁለት ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የጎደለው። «ስውጠው ያስመልሰኛል፣ ተውኩት» አለች።

ለምን ለሠራት ሐኪም እንዳልነገረች ስጠይቃት ፈገግ አለች። ቤተሰቧ «ይቅርብሽ» ሲሏት አሻፈረኝ ብላ ነው የተሠራችው። አሁን ታመምኩ ብትል «በገዛ እጅሽ ነው» እንደሚሏት ታውቃለች። መሥሪያ ቤቷ ደግሞ ማንም አያውቅም፣ ዳይት ላይ ነኝ ብላቸዋለች። ከሁሉም የገረመኝ ይኸ ነው፦ እሷ በየቀኑ እየተመናመነች፣ ባልደረቦቿ «እንዴት አምሮብሻል!» እያሉ ይስሟታል። ሌላ ሰው በሁለት ወር እንዲህ ቢከሳ ጎትተው ሐኪም ቤት ይወስዱት ነበር። እሷም ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠች።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል። የሚቀረው ቀጭን ቱቦ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽ አለ፣ ቶሎ ወይም ብዙ ሲጎርሱ ማስመለስም አለ። ለሳምንታት ያለማቋረጥ ማስመለስ ግን ከዚህ አይቆጠርም። ቫይታሚን ቢ 1፣ ታያሚን የሚባለው፣ ሰውነታችን ውስጥ የሚጠራቀመው ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚሆን ብቻ ነው። ያ ሲያልቅ አንጎል ይጎዳል። ዓይን ይንቀጠቀጣል፣ አንዱ ነገር ሁለት ይሆናል፣ አረማመድ ይበላሻል፣ ሐሳብ ይዘበራረቃል። ካርል ቬርኒከ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1881 የገለጸው ሕመም ነው፣ በስሙም ይጠራል። ደግሞ ምልክቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ላይ ተሟልተው አይመጡም። የዓይኑ፣ የአረማመዱና የሐሳቡ ሦስቱም እስኪሟሉ የሚጠብቅ ሰው ያመልጠዋል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከክብደት ቀዶ ጥገና ጋር በተያያዘ አይደለም። ማዋለጃ ክፍል ስሠራ የእርግዝና ትውከት የበረታባት እናት ነበረች። አለቃችን የነበሩት ሲስተር የዚያን ቀን ግሉኮስ ከእጃችን ነጥቀው «ቢ 1 ሳይገባ ማን ስቀሉ አላችሁ?» ብለው የጮኹት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ። ስኳር ወደ ደም ሲገባ ሰውነት እሱን ለማቃጠል ታያሚን ይፈልጋል። የቀረችውን ጥቂት ታያሚን ግሉኮሱ ይጨርሳታል፣ ጉዳቱም ይብሳል። ስኳሩ ወርዶ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ግሉኮስ አይዘገይም፣ ሁለቱ አብረው ይሰጣሉ። የዚች ሴት ስኳር ተለክቷል፣ ደህና ነበር።

የዚያን ሌሊት ተረኛው ሐኪም ወጣት ነው፣ ጎበዝ ልጅ። ውሃ ጠምቷታል፣ አልበላችም ብሎ ግሉኮስ አዟል። አጠገቡ ሄጄ፣ «ዶክተር፣ ግሉኮሱን ትንሽ ላቆየው? ቢ 1 ይቅደምላት» አልኩት።

«ለምን ሲስተር?»

«ና ዓይኗን እይልኝ።»

መጣ። እስኪሪብቶውን አውጥቶ ፊቷ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ አድርጎ አንቀሳቀሰው። ዓይኖቿ ዳር ሲደርሱ ይርገበገባሉ፤ የግራው ደግሞ ዳር ሳይደርስ ይቆማል። ልጁ እንደገና አደረገው። ሦስተኛ ጊዜ አልሞከረም። «ግሉኮሱን ተይው፣ ታያሚን በደም ሥር፣ አሁኑኑ» አለና ስልኩን አንስቶ ለአለቃው ደወለ። ክርክር የለም፣ «እኔ ሐኪም ነኝ» የለም። እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲገጥመኝ ሥራዬን እወደዋለሁ።

ታያሚኑ ገባ፣ የጎደላት ፈሳሽም ስኳር በሌለው ሳላይን ተተካላት። ፖታሲየምና ማግኒዚየሟም ወርዶ ተገኘ። ማግኒዚየም ከሌለ ታያሚኑ በደንብ አይሠራም፣ ስለዚህ እሱም ተሰጣት። በማግሥቱ አንዱ መስመር አንድ ሆኖ ታያት። አካሄዷ ግን ሳምንታት ፈጀ፣ የእግሯ መደንዘዝ ከዚያም ቆየ። ዘግይተው የሚመጡ አንዳንዶች የማስታወስ ችሎታቸው ጨርሶ አይመለስም። እሷ ተርፋለች።

ከዚያ ደግሞ ለምን እንደምታስመልስ መፈለግ ነበረበት። ቀለም ያለው ፈሳሽ ጠጥታ ራጅ ተነሣች፣ ኢንዶስኮፒም ተደረገላት። ቱቦ የሆነው ጨጓራዋ መሐል ላይ፣ መታጠፊያው ጋ ጠቧል። የጠበበው ቦታ በምትነፋ ትንሽ ፊኛ እንዲሰፋ ተደረገላት። ለጥቂት ቀናት ተሻላትና እንደገና ተመለሰባት። ዳግም ቀዶ ጥገና፣ ስሊቩን ወደ ባይፓስ መቀየር፣ የሚባል ነገር የተነሣው ያኔ ነው። ባይፓስ ማለት ከላይ ትንሽ የጨጓራ ከረጢት አስቀርቶ በቀጥታ ከአንጀት ጋር ማገናኘት ነው።

ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ቀዶ ሐኪሙ ሲመጣ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነው፦ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» ሰውየው ብዙ የማይናገር ሰው ነው። የላቦራቶሪ ወረቀት ገልብጦ ቱቦውን ሣለላት፣ የታጠፈበትንም በጣቱ አሳያት። «ይሄ መታጠፊያ ነው፤ እርስዎ ስለበሉ ወይም ስላልበሉ አልመጣም» አላት። ቀጥሎም አልደበቃትም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጠባሳ አለ፣ የመፍሰስና የመድማት ዕድሉም ከመጀመሪያው ይበልጣል። ደግሞ ዛሬ ነገ ተብሎ የሚሠራ አይደለም፣ ሰውነቷ መጀመሪያ መጠገን አለበት። ስለዚህ በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ ጨጓራውን አልፎ፣ ምግቡ በቀጥታ አንጀቷ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። ሳምንታት በዚያ ቆየች። ቱቦውን ጠልታዋለች፣ በግልጽም ትሰድበው ነበር። መስደቧ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ «ትንሽ ነው» ማለቷን ትታለች።

እዚህ ላይ የሚያናድደኝን ልናገር። ሰው «ድጋሚ ተሠራች» ሲባል ወዲያው «አብዝታ በልታ ነው» ይላል። ክብደት ተመልሶ ድጋሚ የሚሠራ ሰው አለ፣ እሱም ራሱን የቻለ ሕመም ነው። መድኃኒት የማይመልሰው ቃር ይዞት የሚሠራ አለ፣ እንደሷ ጠቦበት የሚሠራም አለ። ምክንያቱን ሳያውቅ የሚፈርድ ዘመድ ሕመምተኛውን ዝም ያሰኘዋል። ዝም ያለ ደግሞ እኔ ጋ የሚደርሰው መስመሩ ሁለት ከሆነበት በኋላ ነው።

ባይፓሱ በሰላም አለቀ። ከመውጣቷ በፊት አብረን የቤት ሥራዋን አለፍንበት። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የሚባሉት ማስታገሻዎች አይነኩም፣ ጨጓራውና አንጀቱ የተገናኙበት ላይ ቁስል ያመጣሉ። ሲጋራም እንደዚያው። ቢ 12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ዕድሜ ልክ ናቸው፣ ደሟም በየጊዜው ይታያል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንኳ ድንገተኛ ከባድ የሆድ ቁርጠት ከመጣ ድንገተኛ ክፍል ሄዳ የመጀመሪያው ቃሏ «ባይፓስ ተሠርቻለሁ» መሆን አለበት፣ አንጀቷ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሚቀር የውስጥ ክፍተት ሾልኮ ሊታነቅ ይችላልና። ጣፋጭ ነገር ከበላች በ10 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ልቧ ሊመታ፣ ላብ ሊያጠምቃት ይችላል። ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ስኳሯ ሊወርድ ይችላል።

«ቢሮ ውስጥ ብወድቅስ?» አለች። ማንም ስለማያውቅ ነው የፈራችው። ሁሉም ማወቅ የለበትም፣ አንድ ሰው ግን ይወቅ አልኳት። ለክትትል ስትመጣ ነገረችኝ፦ ጎኗ ለምትቀመጠው ልጅ ነግራታለች። ልጅቷም «እኔ እኮ ካንሰር መስሎኝ ስፈራ ነበር» አለቻት። አሁን በቀጠሮዋ ቀን ሥራዋን የምትሸፍንላት እሷ ናት።