ካንሰር ኬሞን እንዴት እንደሚቋቋም በምስርና በሽምብራ ያሳየሁበት መንገድ

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ ለምን መሥራት እንደሚያቆም ደብረ ብርሃን ላይ ለተማሪዎች ሳስረዳ፣ ስለ ታካሚዋ ቶሎ የሚነሳው ቃል «ሰውነቷ መድኃኒቱን ለመደው» ነው። የለመደው ሰውነቷ አይደለም፤ ዕጢው ውስጥ ያሉት ሴሎች ናቸው፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው የነበሩ ናቸው። ይህን ለማሳየት አንድ ሰፌድ፣ 990 ፍሬ ምስርና 10 ፍሬ የምንጃር ሽምብራ ይበቃል።

ምስሩ መድኃኒቱ የሚገድለው ሴል ነው፤ ሽምብራው የማይገድለው። በአንድ ዙር ከምስሩ ከ10 ዘጠኙን አነሳለሁ፣ ሽምብራውን አልነካም። ከዚያ የተረፈው ሁሉ አራት እጥፍ ይራባል። ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ሰፌዱ ላይ የሚቀረው 109 ፍሬ ነው፤ ሐኪም «ዕጢው ቀንሷል» ቢል እውነቱን ነው። 3ኛው ዙር አልፎ ሲራባ ግን 704 ይሞላል፤ ከዚያ ውስጥ 640ው ሽምብራ።

በወንፊት አይሆንም፤ ሞክሬው ምስሩ ባንዴ ሙልጭ ብሎ ወረደ። ሽምብራውንም መሃል ላይ አትጨምሩ፤ ተማሪው መድኃኒቱ የወለደው ይመስለዋል። ከመድኃኒቱ በኋላ የሚለወጡ ሴሎች መኖራቸውን በቃል እነግራለሁ። 10 ሽምብራም የተጋነነ ነው፤ 1 ሴንቲ ሜትር ዕጢ ወደ 1 ቢሊዮን ሴል ይይዛልና ከሚሊዮን አንዱ ብቻ ቢቋቋም እንኳ 1,000 ሴል ነው።

ሽምብራው ለምን አይሞትም? አንዱ መንገድ ፓምፕ ነው። ተመራማሪዎቹ ጁሊያኖና ሊንግ በ1976 እ.ኤ.አ. የገለጹት ፒ-ግላይኮፕሮቲን የሚባል የሴል ሽፋን ፕሮቲን፣ የገባውን ዶክሶሩቢሲን የተባለ የካንሰር መድኃኒት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። ታቹ የተበሳ ጣሳ ላይ ውኃ እያፈሰስኩ አሳያለሁ፤ ቀጠን አድርገው ካፈሰሱት አይሞላም። «ታዲያ አብዝቶ ማፍሰስ ነዋ!» የሚል አይጠፋም። መጠኑ ሲጨምር ግን ደም የሚሠራው የአጥንት መቅኔ አይችልም፣ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል።

መድኃኒት ማጣመር የመጣው ለዚህ ነው፤ ቲቢም በብዙ መድኃኒት የሚታከመው ለዚሁ ነው። ሽምብራውንም ከ10 ዘጠኙን የሚያነሳ ሁለተኛ እጅ ሲጨመር 3ኛው ዙር ተራብቶ እንኳ 64 ፍሬ ገደማ ነው የሚቀረው። ግን ሁለተኛው መድኃኒት በዚያው ፓምፕ የሚወጣ መሆን የለበትም፤ ቪንክሪስቲንና ፓክሊታክሴል የተባሉትን የካንሰር መድኃኒቶች ያው ፓምፕ ያወጣቸዋል። ሲስፕላቲን የተባለውን ሌላ መድኃኒት አያወጣውም፤ ለእሱ ሴሉ የተጎዳውን ዲኤንኤ ይጠግናል፣ ወይም መግቢያውን ያጠባል።