“ፓምፑ ተበላሽቷል” ተብሎ ሲደወልልኝ

ሥራዬ ሶላር ፓምፕ መግጠም ነው። ኑሮዬ ደብረ ብርሃን ቢሆንም እንጀራዬ ያለው ቆላ ነው፤ ጣርማበርን ወርዶ፣ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ሸዋ ሮቢት። ሽንኩርት አገር ነው። በበጋ የወንዙ ዳር በናፍጣ ሞተር ሲጮህ ያድራል።

ገበሬው ናፍጣ ወዶ እንዳይመስላችሁ። ነዳጁ ከጅቡቲ በቦቴ ተጭኖ መጥቶ ማደያ ሲደርስ በጀሪካን አንቀዳም ይባላል፣ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ ይባላል፣ ደብዳቤው ሲመጣ ናፍጣው አልቋል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ሲከለከል ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ስንቱ ተወራ፤ ስለ መስኖ ሞተር ግን ብዙም ትዝ ያለው የለም። ስለዚህ አንድ ፕሮጀክት ሶላር ፓምፕ ሲያመጣ ሰው ተጋፍቶ ነው የተመዘገበው።

ገጠምን፣ ሠራ። ባትሪ የለውም። ደህና ጉልበት የሚኖረው ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነው፣ ለማሳው ይበቃል።

መጋቢት ላይ ወንዙ ሲያንስ ተደወለ፤ “ፓምፑ ተበላሽቷል።” ወረድኩ። ፓኔሉ ንጹሕ፣ ገመዱ ደህና፣ መቆጣጠሪያው አረንጓዴ ያበራል። የሽንኩርቱ ጫፍ ግን መቃጠል ጀምሯል። ባለማሳው አዛውንት ዳር ዳር ሲሉ ቆዩና “ልጄ፣ ዕቃውስ ምንም አልሆነ። የኔ ተራ ሌሊት ነው” አሉኝ።

ለካ ውሃ ሲያንስ በተራ ነው የሚሳበው። የውሃ አባቱ ሲደለድል ለእሳቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋት ደርሷቸዋል። ለናፍጣ ሞተር ቀንም ሌሊትም አንድ ነው። ፕሮጀክቱን ያጠኑት ሰዎች የማሳውን ስፋት፣ የውሃውን ከፍታ፣ የፀሐዩን ጉልበት ሁሉ ለክተዋል፤ ተራህ መቼ ነው ብሎ የጠየቀ ግን የለም። ቅጹ ላይ ቦታም የለው።

ባለሶላሮች ቀን፣ ባለናፍጣዎች ሌሊት ይሳቡ ሲባል ስብሰባው ታመሰ። “እሱ ፓኔል ስለደረሰው ይተኛ፣ እኛ ናፍጣ እየገዛን ከጅብ ጋር እንደር?” አለ አንዱ። እውነቱን ነው! ባትሪ ይጨመር ያለም ነበር፤ ዋጋውን ስነግረው ተቀመጠ።

መላ ያመጡት እኚሁ አዛውንት ናቸው። ማሳው ግርጌ፣ ወንዙ ዳር ኩሬ ይቆፈር፤ ሌሊት በተራዬ ውሃውን በቦይ ልልቀቅበት፣ ፀሐይ ስትወጣ ሶላሩ ከኩሬው ወደ ላይ ይግፋው አሉ። እኛ ኤሌክትሪክ ማጠራቀም ስናስብ እሳቸው ውሃውን አጠራቀሙት። ፕሮጀክቱ በጀቴ ለፓኔል እንጂ ለቁፋሮ አይደለም አለ። ደቦ ወጥተው ቆፈሩት፤ አፈሩ አሸዋማ ስለሆነ ከሥሩ የሚነጠፈውን ላስቲክ ደግሞ ከኪሳቸው ገዙ።

እኔም አሁን ለቅየሳ ስሄድ ሜትር ሳልዘረጋ የውሃ አባቱን ነው የምፈልገው።

አዛውንቱ ታዲያ ናፍጣ ሞተሩን አልሸጡትም። በማዳበሪያ ከረጢት ሸፍነው አስቀምጠውታል። ምነው ብላቸው፣ “በልግ ላይ ዝናብ የሌለው ደመና ሳምንት ሲጋርደን አንተ ትመጣና ትገፋልኛለህ?” አሉኝ።