የአሽዌል ግድግዳ

ዛሬ ጠዋት ከለንደን ባቡር ይዤ አሽዌል ሄድኩ። ከጣቢያው እስከ መንደሩ በእርሻ መሀል ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ነው። የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማ 54 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ለአንድ የገጠር ደብር!

እኔ ግን የሄድኩት ማማው ሥር፣ በውስጥ በኩል ግድግዳው ላይ ላለው ጽሑፍ ነው። ድንጋዩ ክላንች ይባላል፤ ጠመኔ ነው ማለት ይቻላል። በቢላ ጫፍ ይጫራል። ፊት ለፊት ቆሜ ሳየው የተጫጫረ ግድግዳ ብቻ ነበር። የስልኬን መብራት ከጎን ሳስጠጋው ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

ቋንቋው ላቲን ነው። ስለ 1350 (እ.ኤ.አ.) ይናገራል። አሳዛኝ፣ ጨካኝና አስፈሪ ጊዜ ነበር፤ ለምስክርነት የተረፈው የሕዝብ አተላ ብቻ ነው ይላል። አተላ! ጥቁሩ ሞት የተባለው ወረርሽኝ እንግሊዝ የገባው በ1348 ነው፤ ቢያንስ ከሦስት ሰው አንዱን ጨርሷል። ይሄ ሰው ጎረቤቶቹን ቀብሮ ነው እዚህ የቆመው። አያቴ ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስባ ስታጥን ስለ ኅዳር በሽታ የምትነግረን ትዝ አለኝ። እሷም ከእናቷ የሰማችውን ነበር የምትነግረን።

ዝቅ ብሎ ደግሞ ስለ ብርቱ ነፋስ ተጽፏል፤ በ1361 ማውሩስ በዓለም ላይ አንጎደጎደ ይላል። ነፋሱ የነፈሰው በቅዱስ ማውሩስ ቀን፣ ጃንዋሪ 15 ስለሆነ ነው በስሙ የጠራው። የኖርዊች ካቴድራልን ሹል ጉልላት የጣለው ያ ነፋስ ነው። የዛሬ መጻሕፍት ዓመቱን 1362 ይሉታል። ጸሐፊው አልተሳሳተም፤ ያኔ እንግሊዝ ውስጥ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25 ስለነበር ጃንዋሪ ገና 1361 ነበር። ለኛ ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም።

በዚያ ዘመን መሠዊያ ያለበትን የምሥራቁን ክፍል የማደስ ኃላፊነት የደብሩ አለቃ ነበር። ሕዝቡ የሚቆምበትን ግን ሕዝቡ ራሱ ነው የሚጠግነው። መቆም ያልኩት በምክንያት ነው፤ አግዳሚ ወንበር በደንብ የተለመደው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳም በሥዕል የተሞላ ነበር። ከ1547 ጀምሮ በመንግሥት ትእዛዝ በኖራ ተለቀለቀ። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል። የቢላ ጭረቱን ግን ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

እዚያው ግድግዳ ላይ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ተስሏል። በ1666 የተቃጠለው የድሮው የለንደን ቅዱስ ጳውሎስ ነው ይባላል። መስኮቶቹን ለመቁጠር ሞከርኩ፣ የስልኬ ባትሪ አለቀ። ስመለስ ደህና የእጅ ባትሪ ገዛሁ። ቅዳሜ ልጄን ይዣት እሄዳለሁ።