ከሕፃን አልጋ ወደ ትልቅ አልጋ፦ ለደጋ ቤት የሚሆን የልምድ ማካፈያ

ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ባለው ደጋ ልጃቸውን ከሕፃን አልጋ ያወጡ ወላጆች ሲገናኙ የሚያነሱት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ «ሌሊት ሌሊት እየተነሳ ይመጣብናል» ይላሉ። ብዙ ሰው ነገሩን ከጠባይ ያያይዘዋል፤ ተሞላቆ ነው፣ ለምዶበት ነው ይባላል። የየሌሊቱን ሁኔታ በደብተር መያዝ ሲጀመር ግን ጥፋተኛው ብዙውን ጊዜ ብርድ ሆኖ ይገኛል። የሕፃን አልጋ ፍራሽ በተለምዶ 60 በ120 ሳ.ሜ. ነው። ልጁ ያችን ጠባብ ቦታ በገላው ያሞቃታል፤ ብርድ ልብሱንም አጥሩ ስለሚይዘው ርቆ አይሄድም። 90 በ190 የሆነ አልጋ ላይ ሲወጣ ስፋቱ ከእጥፍ በላይ ይሆንበታል። ሲገላበጥ ያልሞቀ አንሶላ ላይ ያርፋል፣ ብርድ ልብሱም በጎን ተንሸራቶ ወለል ላይ ይወርዳል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ብርዱ ሲበረታ ይነቃና የሚያውቀውን ሙቅ ቦታ ፍለጋ ይነሳል፤ ያ ቦታ የእናቱ ጉያ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር መጀመሪያ ክፍሉ፣ ቀጥሎ አልጋው፣ በመጨረሻ ልጁ ይዘጋጃል።

ጊዜውን መምረጥ

አብዛኞቹ ልጆች ከ1 ዓመት ተኩል እስከ 3 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይሸጋገራሉ። ወደ 3 ዓመት የተጠጋ ልጅ «እስኪነጋ አልጋህ ላይ ቆይ» ሲባል ነገሩ ይገባዋል፤ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ እስከዚያ መቆየቱ ይሻላል። የሚያስቸኩሉት ሁለት ናቸው። አንደኛው ቁመት ነው። ልጁ 90 ሳ.ሜ. ገደማ ከደረሰ፣ ወይም ፍራሹ የመጨረሻው ዝቅታ ላይ ሆኖ ሳለ ልጁ ሲቆም የአጥሩ ጫፍ ከጡቱ በታች ከዋለ፣ አልጋው ከእንግዲህ አይበቃውም። ሁለተኛው መንጠላጠል ነው። አንድ ጊዜ እግሩን አሻግሮ የወጣ ልጅ ይደግመዋል፤ ከዚያ ከፍታ ሲወርድ ደግሞ ቀድሞ የሚያርፈው ጭንቅላቱ ነው። ገና እየሞከረ ላለ ልጅ ፍራሹን ዝቅ ማድረግና መርገጫ የሚያደርጋቸውን ትራስና አሻንጉሊት ማውጣት ጥቂት ወራት ሊያቆየው ይችላል።

ሌላ ሕፃን የሚጠበቅ ከሆነ ከወሊዱ ቢያንስ 2 ወር ቀድሞ መጨረስ ነው፤ ካልሆነም ከወሊዱ በኋላ 3 ወይም 4 ወር ማቆየት። ታላቅየው አልጋው ባዶ ሆኖ ቢያየው ይረሳዋል፤ ዛሬ ወጥቶ ነገ ታናሹ ከተኛበት ግን ተነጠቅኩ ይላል። ጡት ማስጣልና ሽንት ማስለመድም በዚያው ሳምንት አይጀመሩ። ከወራቱ ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ይመረጣል፤ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ውርጭ የሚወርድባቸው ናቸው። ለገና ወይም ለጥምቀት ቤቱ በእንግዳ በሚሞላበት ሳምንት መጀመርም ድካም ነው፤ ልጁ የተገኘው ዘመድ ጉያ ውስጥ ያድራል፣ ሥራው እንደገና ከዜሮ ይነሳል።

ክፍሉ

ከሁሉ አስቀድሞ የከሰሉ ነገር ይነሳ። ብርዱን ለመስበር ማንደጃ መኝታ ክፍል ማስገባት የደጋ ቤት ልማድ ነው፤ ልጅ ለብቻው ክፍል ሲሰጠው ደግሞ «እንዳይበርደው» ተብሎ ያው ይደገማል። የከሰል ጭስ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም። አመድ የለበሰው ረመጥም ሳይቀር ያወጣዋል። ትልቅ ሰው ራሱን ሲያመው ወይም ሲያቅለሸልሸው ሊነቃ ይችላል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ቀድሞ ይመረዛል፣ የሚታየው ምልክትም ተጨማሪ እንቅልፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተቀጣጠለም ሆነ የከሰመ ማንደጃ ልጅ በሚተኛበት ክፍል አያድርም፤ ክፍሉም በከሰል አይሞቅም። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካለ ከአልጋው ከ1 ሜትር በላይ ርቆ፣ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ተሰክቶ፣ ልጁ ከመተኛቱ በፊት ክፍሉን ካሞቀ በኋላ ይነቀል።

አጥሩ ሲቀር ክፍሉ በሙሉ የሕፃን አልጋ ሆነ ማለት ነው። በልጁ ቁመት ተንበርክኮ ክፍሉን መዞር ብዙ ያሳያል፤ የመጋረጃ ገመድ፣ የተንጠለጠለ ቻርጀር፣ ፔርሙስ፣ የሚሳብ መሳቢያ። ቁም ሣጥንና መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ይታሰሩ። የብሎኬት ቤት ከሆነ በፊሸር (ብሎን በሚይዝ የፕላስቲክ መሰኪያ) እና በአንጎላሬ (በማዕዘን በታጠፈ ብረት) ይያዛል። የጭቃ ቤት ልስን ግን ብሎን አይዝም፤ ሲሳብ ከነጭቃው ይወጣል። ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ ማንኳኳት፣ ድምፁ የሚደነድንበትን የእንጨት ቋሚ መፈለግና አንጎላሬውን እዚያ ላይ መምታት ነው። የውጭው በር መቀርቀሪያ ከፍ ብሎ ይሠራ፤ የልጁ ክፍል በር ግን አይቆለፍበት። በምትኩ በሩ ላይ ትንሽ ቃጭል ማንጠልጠል ጥሩ ነው፤ ልጁ ሲወጣ ወላጅ ይሰማል።

አልጋውና መከላከያው

ፍራሽ ወለል ላይ መዘርጋት መውደቅን ያስቀራል፤ ጣውላ ወለል ባለው ቤት ይሠራል። ሲሚንቶ ወይም አፈር ወለል ላይ ግን ደጋ ውስጥ አይመከርም፤ ፍራሹ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ሻጋታ ያወጣል። ሌላ ምርጫ ከሌለ ጠዋት ጠዋት ፍራሹን ግድግዳ ላይ አቁሞ ማናፈስ ግድ ነው። የሚሻለው ዝቅ ያለ አልጋ ነው፤ የፍራሹ ገጽ ከወለሉ ከ45 ሳ.ሜ. ባይበልጥ ጥሩ ነው። ተደራራቢ አልጋ ላይኛው ክፍል ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

አልጋው በመስኮት ሥር አይቁም። ግድግዳ የሚጠጋ ከሆነ ምንም ክፍተት ሳይኖር ይለጠፍ፤ ካልሆነ 25 ሳ.ሜ. ያህል ይራቅ። አደገኛው መሐል ያለው ነው፤ ገላው ገብቶ ጭንቅላቱ የሚያዝበት ክፍተት። የጭቃ ግድግዳ ቀጥ ስለማይል አልጋው ከራስጌ ተለጥፎ ከግርጌ 7 ወይም 8 ሳ.ሜ. ሊከፍት ይችላል። ያን ክፍተት በጨርቅ መሙላት አያዋጣም፤ ጨርቅ ይታመቃል። በልኩ የተቆረጠ ጣውላ አልጋው ጎን ላይ ይመታ። አፈር ወለል ላይ ደግሞ የአልጋው እግሮች ቀስ በቀስ ስለሚሰምጡና ስለሚንሸራተቱ ከሥራቸው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይግባ።

ክፍት በሆነው ጎን ልጁ እንዳይወድቅ የሚይዝ መከላከያ ያስፈልጋል። አናጺ ቤት ማሠራት ወይም በቤት መሥራት ይቻላል፤ ልኩን ማወቅ ግን የወላጅ ድርሻ ነው፤ ብዙ መከላከያ የሚበላሸው በልክ ነውና። ከፍታው የሚለካው ከፍራሹ ገጽ እንጂ ከአልጋው ጠርዝ አይደለም። ቢያንስ 13 ሳ.ሜ. ከፍራሹ በላይ ይቁም፤ 16 ቢሆን ይመረጣል። ምሳሌ እንውሰድ፦ የአልጋው የጎን ጣውላ ቁመት 20 ሳ.ሜ. ነው፣ የፍራሹ ውፍረት 15 ነው፣ ፍራሹ ከጎን ጣውላው ጠርዝ 5 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። እንግዲህ ፍራሹ ከጠርዙ በላይ 10 ሳ.ሜ. ይወጣል፤ መከላከያው ከጠርዙ በላይ 26 ሳ.ሜ. መድረስ አለበት። ለዚህ እያንዳንዳቸው 44 ሳ.ሜ. የሆኑ ሁለት የሞራሌ ቋሚዎች ይቆረጣሉ፤ 18 ሳ.ሜ. ጎን ጣውላው ላይ ይታሰራል፣ 26ቱ ይወጣል። 10 ሳ.ሜ. ስፋትና 110 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው ሁለት ጣውላዎች በአግድም ይገባሉ፤ የታችኛው ከጠርዙ 2 ሳ.ሜ. ተነስቶ፣ የላይኛው ከታችኛው በ4 ሳ.ሜ. ርቆ። የትኛውም ክፍተት ከ6 ሳ.ሜ. አይበልጥም።

ቋሚዎቹ ከጎን ጣውላው በስተውጭ ይቁሙ፤ አግዳሚዎቹ ግን ከቋሚዎቹ በስተውስጥ ይመቱ። በዚህ መንገድ አግዳሚዎቹ በጎን ጣውላው ትክክል ይውሉና ከፍራሹ ጋር ይጠጋሉ። በስተውጭ ከተመቱ በመከላከያውና በፍራሹ መካከል የልጅ ክንድ የሚገባበት ስንጥቅ ይፈጠራል፤ በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት ይህ ነው። ፍራሹና መከላከያው መካከል ከሁለት ጣት በላይ መግባት የለበትም።

መከላከያው ሙሉውን ርዝመት አይዝጋ። ከግርጌ በኩል ከ40 ሳ.ሜ. ያላነሰ መውረጃ ይተውለት፤ መውረጃ ያጣ ልጅ በላዩ ይንጠላጠላል። በቋሚና በጎን ጣውላ መካከል ያለው ማሰሪያ ቡሎንና ዳዶ ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ቋሚ ሁለት። ክብ ራሱ ወደ ልጁ፣ ዳዶው ወደ ውጭ ይዙር። ምስማር በመጎተት ይላቀቃል። ባህር ዛፍ ደግሞ ሳይበሳ ከተመታ ይሰነጠቃል፤ እርጥቡ ከተሠራበትም ሲደርቅ ይኮማተርና ማሰሪያው ይላላል። ከወር በኋላ እንደገና ማጥበቅ የግድ ነው። መጨረሻ ላይ ጠርዙ ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት ይታሽ፤ ትልቅ ሰው በጉልበቱ ገፍቶ ይፈትሸው፤ ከተወዛወዘ ልጅ አይተኛበትም።

አልባሳቱ

አንድ ከባድ ብርድ ልብስ ከሁለት ቀላል ይልቅ ቶሎ ይወድቃል፤ ክብደቱ ራሱ ወደ ጎን ይስበዋል። ከገላው ቀጥሎ የጥጥ አንሶላ፣ በላዩ ቀለል ያለ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ጋቢ ይደረብ። ከበግ ሱፍ የሚሠራው የመንዝ ብርድ ልብስ፣ ባና፣ ሙቀቱ ወደር የለውም፤ ነገር ግን ሱፉ ቆዳ ይኮሰኩሳል፣ ስለዚህ ከላይ ብቻ ይሁን። ጋቢው በአግድም ይዘርጋና ሁለት ጫፎቹ በግራና በቀኝ ከፍራሹ ሥር ይግቡ። አገልግሎቱ እንደ መቀነት ነው፤ ልጁ ሲገላበጥ ሌላውን ይይዝለታል። ከደረቱ በላይ አይውጣ፣ እጅ እስኪያስር ድረስም አይጥበቅ።

ግርጌ ላይ አንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ከአንሶላው ሥር በአግድም ማስገባት አልጋውን ያሳጥረዋል። ልጁ የሚጠቀምበት ቦታ 120 ሳ.ሜ. ያህል ይሆናል፣ እግሩም ወደ ቀዝቃዛው አይወርድም። አንሶላውን ለማሞቅ ሙቅ ውሃ የሚያዝበት የጎማ ከረጢት 20 ደቂቃ ቀድሞ ማስገባት ይቻላል፤ ልጁ ሳይገባ ይወጣል። በሃይላንድ ጠርሙስ ፍል ውሃ ማድረግ አይገባም፤ ፕላስቲኩ ይጨማደድና ክዳኑ ይለቃል። 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ ትራስ አያስፈልገውም።

መበርዱን ለማወቅ እጁን ወይም እግሩን መዳሰስ ያሳስታል፤ እነሱ ሁልጊዜም ቀዝቀዝ ይላሉ። ማጅራቱ ወይም ደረቱ ይዳሰስ።

ሌሊቶቹ

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ሌሊቶች ጸጥ ሊሉ ይችላሉ። ልጁ ከአልጋው በራሱ መውረድ እንደሚችል ገና አላወቀም፤ ሲያውቅ መነሳት ይጀምራል። በሁለተኛው ሳምንት መባሱ የተለመደ ስለሆነ አትደንግጡ።

ደብተሩ ብዙ አይጠይቅም። እንዲህ ይጻፋል፦

ሌሊት 3። ተኛ 2:00። ተነሳ 9:10። ማጅራቱ ቀዝቃዛ፣ ብርድ ልብሱ ወለል ላይ።

ሌሊት 4። ተኛ 2:15። ተነሳ 7:30። ማጅራቱ ሙቅ፣ ሱሪው እርጥብ።

ሌሊት 5። ተኛ 3:05። ተነሳ 5:00፣ 6:20፣ 9:00። ቀን እስከ 11 ሰዓት ተኝቶ ነበር።

ሦስቱ ሌሊቶች ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ጋቢውን በአግድም ማሰር ነው። አራተኛው ከመኝታ በፊት ፖፖ ላይ ማስቀመጥና ፖፖውን አልጋው አጠገብ መተው ነው። አምስተኛው የቀን እንቅልፍ ጉዳይ ነው፤ ከ9:30 በፊት ይቀስቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው መመሪያ ከ1 እስከ 2 ዓመት ላለ ልጅ ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ላለ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል፤ የቀኑም ይቆጠራል። ቀን የተወሰደው ከሌሊቱ ይቀነሳል።

ምክንያቱ ከተፈታም በኋላ የሚነሳ ልጅ አለ። እጁን ይዞ መመለስ፣ አንድ ዓይነት አጭር ቃል («ሌሊት ነው፣ ተኛ») ብሎ ማልበስ፣ መውጣት። መብራት አይበራም፣ ተረት አይጀመርም፣ ቁጣም የለም። አባትም እናትም አያትም ያንኑ ቃል ይበሉ። ሥራውን የሚያፈርሰው ብዙውን ጊዜ የሌሊት 10 ሰዓት ድካም ነው፤ አራት ጊዜ ተመልሶ በአምስተኛው ጉያ የገባ ልጅ አምስት ጊዜ መነሳት እንደሚያዋጣ ተማረ። አያት «ለብቻው አታስተኙት» ብትል ክፉ አስባ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ሳምንት እሷ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ታስተኛው፣ በየሁለት ቀኑም ወንበሯ አንድ እርምጃ ወደ በሩ ይጠጋ።

ከታላቁ ጋር አንድ አልጋ የሚጋራ ከሆነ ስፋቱ ከ1 ሜትር ከ20 አይነስ፤ ለየራሳቸው ብርድ ልብስ ይኑራቸው። አንድ ብርድ ልብስ ለሁለት ማለት ሌሊቱን ሙሉ ጉተታ ነው።

ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወርዱ

ቆላ ላይ ብርዱ ቀርቶ ወባ ይመጣል። የሕፃን አልጋው አጎበር ለትልቁ አልጋ አይበቃም፤ ሰፊ ያስፈልጋል። አዲስ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት 24 ሰዓት ጥላ ውስጥ ይናፈስ። ከመከላከያው በስተውጭ ወርዶ ጫፉ ከአልጋው ሥር ይሸጎጥ፤ ገላ ላይ ከተለጠፈ ትንኟ በላዩ ትነድፋለች። ልጁ ወርዶ በተመለሰ ቁጥር እንደገና ይሸጎጥ።

ከወር በኋላ

ሳይነሳ የሚያድርባቸው ሌሊቶች ሁለት ሳምንት ከሞሉ የግርጌው ጥቅልል በየጥቂት ቀኑ ወደ ታች ይገፋል። መከላከያው ግን ለጥቂት ወራት ይቆይ። ልጁ 2 ዓመት ተኩል ሳይሞላው ተሞክሮ ሳምንታት ካለፉና ምክንያት ሁሉ ተፈትሾ አልሆን ካለ፣ መንጠላጠል ካልጀመረ፣ ወደ ሕፃን አልጋው መመለስ ይቻላል፤ ስለዚህ ሕፃን አልጋው በመጀመሪያው ቀን አይፈታ። ሲፈታም ቡሎኖቹና ዳዶዎቹ በፌስታል ተቋጥረው ከራስጌው ፍርግርግ ላይ ይታሰሩ፤ አንድ ቡሎን የጎደለው አልጋ ለሚቀጥለው ሕፃን አይገጠምም።