ስምንት በስምንት

ትናንት ማታ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይሰብር ነበር። ጋቢዬን ተከናንቤ እስከ እኩለ ሌሊት ከኮምፒውተሩ ፊት አልተነሳሁም። ከአንዲት ፊደል ጋር ስታገል ነው ያመሸሁት። ከ«ቤ» ጋር።

ማሽኑ የአጎቴ ነው። እኔ ጋሼ ነው የምለው። በ1979 ዓ.ም. ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ከመጻሕፍቱ ጋር ኮሞዶር 64 ይዞ መጣ። ይሄ ኮምፒውተር ገበያ ላይ የዋለው በ1982 እ.ኤ.አ. ነው። ወፍራም፣ ቡናማ፣ ኪቦርዱና ኮምፒውተሩ አንድ ላይ የሆነ። ስክሪን የለውም፣ ቴሌቪዥን ላይ ነው የሚሰካው። የጀርመኑም የኛም ቴሌቪዥን ፓል በሚባለው የሥዕል ሥርዓት ስለነበር፣ መብራቱም ያው 220 ቮልት ስለሆነ፣ እዚህ መጥቶ ያለ ምንም ችግር ሠርቷል። ከዚያ ልጆች መጡ፣ ኑሮ መጣ፣ እሱም በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ወጣ። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያው ቆየ።

አምና ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ወረደ። ጋሼ «ውሰደው፣ መሥራቱን እንጃ» አለኝ።

እንዲህ ዓይነት ዕቃ ቤቱ ያለ ሰው ካለ አንድ ነገር ልለምነው። በድሮው ፓወር ሰፕላይ እንዳትሰካው። ሳጥኑ ውስጡ በኤፖክሲ፣ በሚጠጥር ሙጫ ተደፍኗል፣ ሙቀቱ መውጫ የለውም። 5 ቮልት የሚሰጠው ሬጉሌተር ሲያረጅ ዝም ብሎ አይሞትም፣ ቮልቱን ከፍ አድርጎ ይልክና ራሙን፣ የኮምፒውተሩን ማስታወሻ፣ ይበላዋል። እኔ ይሄን አላወቅኩም ነበር። ሰካሁት። ቴሌቪዥኑ ጥቁር ብቻ ሆነ። በኋላ በቴስተር ስለካው ከ6 ቮልት በላይ ያወጣል። ያን ቀን እህል አልበላ አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት በሰላም የተቀመጠን ዕቃ በአንድ ደቂቃ ያጠፋሁት መሰለኝ።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሠራሁለት። አንድ 5 ቮልት ዲሲ፣ አንድ 9 ቮልት ኤሲ፣ ሌላ አይፈልግም። ከዚያ ቦርዱን ከፍቼ አብርቼ የራም ቺፖቹን አንድ በአንድ በጣቴ ነካኋቸው። ስምንት ናቸው፣ 4164 የሚባሉት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ እያንዳንዱ ቺፕ ከባይቱ አንዷን ቢት ብቻ ስለሚይዝ አንዱ ከሞተ ሰባቱ ደህና ቢሆኑም ዋጋ የላቸውም። ሰባቱ ለብ ብለዋል። አንዱ ግን ምጣድ ነው፣ ጣቴን ወዲያው አነሳሁ። አዲስ አበባ ስወርድ ምናለሽ ተራ ገብቼ ቦርድ ስገለብጥ ዋልኩ፣ ከአንድ የድሮ ፒሲ ላይ ያው 4164 ተደርድሮ አገኘሁ። የሞተውን ነቅዬ ሶኬት በየድኩ፣ አዲሱን ሰካሁ።

ሰማያዊው ስክሪን መጣ። 38911 ባይት ነፃ ነው አለኝ። ጋሼ ጋ ደወልኩ።

«መጣ?»
«መጣ፣ ጋሼ።»

ብዙ ዝም አለ።

በሳምንቱ ራሱ መጥቶ ቁልፎቹን ሲዳስስ «ያኔ የምትቆጨኝ አንድ ነገር ነበረች፣ አማርኛ መጻፍ አልቻልኩበትም» አለኝ። ይሄ ነገር አልለቀቀኝም። ውስጡን አውጥተው አዲስ ትንሽ ኮምፒውተር የሚከቱበት ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን አልስማማም፤ ቆዳው ብቻ ቀረ ማለት ነው። ለዚህ ማሽን የሚገባው ዕድገት ያኔ ያጣውን ነገር ማግኘት ነው።

ኮሞዶር በአንድ ጊዜ 256 ቅርጽ ይይዛል። የኛ ፊደል 33 በ7፣ 231። ይገባል! 25 ቦታ ይተርፋል፣ ለአሥሩ አኃዝ፣ ለአራት ነጥብና ለነጠላ ሰረዝ፣ ለጥቂት ዲቃሎችም፣ ለነ«ቋ»ና ለነ«ጓ»። ይሄን ያሰላሁ ቀን ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ የተለካልን ነው የሚመስለው።

እያንዳንዱ ፊደል ስምንት በስምንት ነጥብ ላይ ነው የሚሳለው፣ በስምንት ቁጥር፣ ለአንድ መስመር አንድ ቁጥር። ነጥቦቹ ከግራ ወደ ቀኝ 128፣ 64፣ 32 እያሉ እስከ 1 ዋጋ አላቸው፣ የበሩት ሲደመሩ የመስመሩ ቁጥር ይሆናል። «በ» ቀላል ናት። 0፣ 126፣ ከዚያ 66 አምስት ጊዜ፣ ከዚያ 0። ካዕቧ ስትሆን መሀል ያለውን 66 ወደ 67 መቀየር ነው፣ ጭረቷ በቀኝ ብቅ ትላለች። ሣልሷ ደግሞ የመጨረሻውን 66። የኔታ በጣት እያስቆጠሩ ያስተማሩንን ቤት በቁጥር ማየት ደስ ይላል።

«ቢ» እና «ቡ» ላይ ሳለሁ መብራት ሄደ። የሁለት ሌሊት ሥራ ጠፋ። ስለዚህ ኤስዲ ካርድ የምታነብ ትንሽ ቦርድ አስገባሁለት፣ ማሽኑ ፍሎፒ ድራይቭ ናት ብሎ ነው የሚያምናት። አሁን አሥር ፊደል በሠራሁ ቁጥር ሴቭ አደርጋለሁ።

ኃምሷ ግን አስቸገረች። ቀለበቷ ቦታ የላትም። ያለፈው እሑድ ጋሼ መጥቶ «ቤት» ብዬ ጽፌ አሳየሁት። መነጽሩን አስተካክሎ ቀረብ አለና «ቢት» ብሎ አነበበ።

ትናንት ማታ መፍትሔው መጣልኝ። ቀለበቷን ማጥበብ አይደለም፣ ቀኝ እግሯን ሁለት ነጥብ ወደ ግራ መሳብ ነው። 0፣ 120፣ 72፣ 72፣ 78፣ 74፣ 78፣ 0። ቀለበቷ መሀል አንዲት ባዶ ነጥብ ቀረች፣ አንዲት ብቻ፣ ግን ትታያለች። ቴሌቪዥኑን በስልኬ አንስቼ ላክሁለት።

ጠዋት መልሱ ደርሶ አገኘሁት። «ቤት። አሁን ‹ጴ›ን አሳየኝ።»