ከልጄ ጋር 4ኛ ክፍል የተፈተንኩበት ዓመት

ፊርማዬ በፀሐዩ «ፀ» ነው የሚጀምረው። ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ የሚሮጥ ጭረት ነው። እኔም ራሴ ሁለቴ አንድ ዓይነት አድርጌ አልፈርመውም። ልጄ ትራስ ልብሷ ውስጥ የደበቀችው የሒሳብ ፈተና ላይ ግን ፊርማዬ በጸሎቱ «ጸ» ጀምሯል። ጥንቅቅ ብላ የተጻፈች «ጸ»።

እዚህ ሙኒክ ተማሪ የታረመ ፈተናውን ቤት ወስዶ፣ ወላጅ አስፈርሞ ይመልሳል። ውጤቷ 4 ነበር። ማሳየቱ ከበዳትና ራሷ ፈረመችልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ተማሪ ብዬ ሁለት ዓመት ስለምናት ኖሬ፣ ማንም ሳያዛት የጻፈችው የመጀመሪያ ፊደል የእናቷን ፊርማ ለማስመሰል ሆነ። ዛሬ ቢሆን እስቅ ነበር። ያኔ ጮህኩባት። ኅዳር 2015 ዓ.ም. መሆኑ ነው። 4ኛ ክፍል ናት፣ 10 ዓመት እንኳ አልሞላትም።

ለማያውቅ ላስረዳ። በባቫሪያ አንደኛ ደረጃ 4 ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሦስት ቦታ ይከፋፈላሉ። ጊምናዚየም የገባ በቀጥታ ወደ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ገባ ማለት ነው። ሬያልሹለ እስከ 10ኛ ክፍል ያስተምራል። ሚተልሹለ ደግሞ ወደ ሙያው ያደላል። የሚለያቸው የሦስት ትምህርት አማካይ ነው፤ የጀርመንኛ፣ የሒሳብና የአካባቢ ሳይንስ። እስከ 2.33 ጊምናዚየም፣ እስከ 2.66 ሬያልሹለ፣ ከዚያ ያለፈው ሚተልሹለ።

ልብ በሉ፣ እዚህ ጥሩው ትንሹ ቁጥር ነው። 1 ምርጥ፣ 6 ውድቀት። ይሄን ደሴ ላለችው እናቴ ለማስረዳት ያየሁትን አበሳ እኔ ነኝ የማውቀው። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሳለች «ሒሳብ አንድ አገኘች» ብዬ በደስታ ደወልኩላት።

«ከስንት?» አለች።

«ከስድስት።»

ዝም አለች። ቆይታ «አይዞሽ፣ ልጅ ናት፣ ታሻሽላለች» አለችኝ። ስለ ጊምናዚየሙ ስነግራት ደግሞ «አሁን ስፖርት ምን ይሠራላታል?» አለች።

በሌሎች የጀርመን ክልሎች ብዙ ቦታ የመጨረሻው ውሳኔ የወላጅ ነው። በርሊን ውስጥማ አንደኛ ደረጃው ራሱ 6 ዓመት ነው። ባቫሪያ ግን ቁጥሩ ነው የሚናገረው። ከመስከረም እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ ሃያ አካባቢ ፈተና ይደረደራል። «ፕሮበ» ይሉታል። እኔ ሁሉንም በቀይ እስክሪብቶ ካላንደር ላይ አስፍሬ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ወተት ለማውጣት በሩን በከፈተች ቁጥር እያየችው።

ጥፋቴ እዚያ አላበቃም። ከውሃ ዋና ትምህርቷ አስወጣኋት፣ «ለአንድ ዓመት ብቻ» ብዬ። የቅዳሜ አስጠኚ ቀጠርኩ። የመለማመጃ መጽሐፍ አራት ገዛሁ። የምሳ ጠረጴዛችን የፈተና አዳራሽ ሆነ። ጀርመንኛዋ ይጠናከር ብዬ ደግሞ እቤት ውስጥ አማርኛ ትቼ በዚያ በተሰባበረ ጀርመንኛዬ ማውራት ጀመርኩ። ልጄ እኔን ስታርም ነው የምትውለው። ምን እንዳተረፍንበት እስካሁን አይገባኝም።

ከሁሉ የከፋው ግን አንዲት ጥያቄ ነበረች። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ «ስንት አገኘሽ?» እላታለሁ። እሱን ስትመልስ «ሌሎቹስ?» አስከትላለሁ። ይህች «ሌሎቹስ» የምትባል ነገር ከማን እንደወረስኳት አውቃለሁ።

1994 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወሰድኩ። ያኔ ያለፈ መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈ ቴክኒክና ሙያ። (ያ ፈተና ኋላ ላይ ቀርቷል።) እኔ አለፍኩ። በዓመቱ ወንድሜ ተፈትኖ ነጥቡ አልመጣለትም። አባቴ አልመታውም፣ አልሰደበውም። አንድ ወር ሙሉ ከሱ ጋር አንድ ማዕድ አልቀረበም፣ በቃ። ወንድሜ ኤሌክትሪክ ተማረ። ዛሬ ግማሹ ሰፈር መብራት ሲጠፋበት የሚደውለው ለሱ ነው። አባቴ ከመሞቱ በፊት የሳሎናችንን መስመር የቀየረው እሱ ነው። ስለዚያች ወር ግን ሁለቱም አንስተው አያውቁም።

በፊርማው ምክንያት የጮህኩባት ማታ ልጄ እራት አልበላም አለች። ጠረጴዛው ላይ ብቻዬን ተቀምጬ የአባቴ ፊት ትዝ አለኝ።

ወዲያው ተለወጥኩ ብል ውሸት ነው። እስከ ጥር ቀጠልኩበት። በፈተና ቀን ጠዋት ጠዋት ሆዷን ያማት ጀመር። ሐኪም አይቷት ምንም የለም አለ። ቅዳሜና እሑድ አያማትም። ይሄን ማስተዋል እንዴት ሁለት ወር ይፈጅብኛል?

ጥር ላይ ከትምህርት ቤቱ የዓመቱ አጋማሽ ውጤት መጣ። በዚያው ሰሞን አገር ቤት የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሆነ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ፤ ወደ 30 ሺህ ልጅ። የእህቴ ልጅ ከቀሪዎቹ አንዱ ነው። ላጽናናት ደወልኩ። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ተኝቷል አለችኝ። አውርተን አውርተን የኔን ልጅ ጠየቀችኝ። ሆዷን እንደሚያማት፣ ፈተናው እንዳስጨነቀን ነገርኳት።

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«አስር ልትደፍን ነው።»

«ውይ! የኔስ 18 ዓመቱ ነው። እናንተ በአስር ዓመቷ ምን አጣደፋችሁ?»

መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ዘንድ ቀጠሮ ያዝኩ። ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ሄድኩ፣ አለዚያ በጀርመንኛ ስጨነቅ ግማሹን እረሳለሁ። ሴትዮዋ የልጄን ፈተና አውጥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችልኝ። ወረቀቱ ሦስት ቦታ ተበስቷል። በላጲስ። ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች፣ እንደገና ታጠፋለች። ሁለተኛው ገጽ ባዶ ነው። «ሒሳቡን ታውቀዋለች» አለችኝ፤ «መሳሳት ስለምትፈራ ሰዓቱ ያልቅባታል። ሌላ መልመጃ አይጨምሩባት። አብራችሁ አንብቡ።»

አራት መጽሐፍ ገዝቼ ሳለ የልጁ ችግር ላጲስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ይሄ ነው። ካላንደሩን ከማቀዝቀዣው አነሳሁ። አስጠኚውን አመስግኜ አሰናበትኩ። ዋናዋን መለስኩላት። ጥናት በእንቁላል መቀቀያዋ ሰዓት ሆነ፤ 30 ደቂቃ፣ ስትጮህ ደብተር ይዘጋል፣ አረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ብትሆንም። መጀመሪያ ላይ ከሷ ይልቅ እኔ ነበርኩ «ትንሽ ብቻ» የምለው። ስንለማመድ ላጲሱን እኔ ኪስ አስገባሁት። የተሳሳተውን በአንድ መስመር ሰርዞ ማለፍ። ይሄ ቀላል ይመስላል፤ ለሷ ግን ሦስት ሳምንት ፈጀባት። አንድ ቀን እንዲያውም አለቀሰች፣ «ያስጠላል!» ብላ።

አማርኛውንም መለስነው። የውሃ ዑደት ፈተና ሲደርስ ለአያትሽ አስረጂያት አልኳት። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ጀመረች። «ትነት» የሚለውን ቃል አታውቀውም፣ እኔም ቶሎ አልመጣልኝም። ተነሥታ ጀበናውን እያሳየች «እማማ፣ ውሃው ከዚህ ይወጣና ላይ ሄዶ ይበርደዋል» አለቻት። እናቴ ትንሽ አሰበችና «እሱማ የጦሳ ጉም ነው፤ ጠዋት ጠዋት መች አጣሁት» አለች። ልጄ ጦሳ ምንድነው ብላ ጠየቀች። የደሴ ተራራ ነው አልናት። ከውሃ ዑደት ወጥተን ስለ ደሴ ብርድ ስናወራ አመሸን። በዚያ ፈተና 2 አመጣች።

ሌላም ፈተና ነበር፤ የብስክሌት። እዚህ 4ኛ ክፍል ላይ ፖሊስ መጥቶ የመንገድ ሕግና አነዳድ ይፈትናቸዋል። ሆዷን ሳያማት የሄደችው እዚህኛው ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ሁሉ ወረቀት እሱ ነው ዛሬም ግድግዳዋ ላይ ያለው።

ሜይ መጀመሪያ ላይ የመሸጋገሪያ ካርዱ መጣ። ጀርመንኛ 3፣ ሒሳብ 2፣ አካባቢ ሳይንስ 3። አማካይ 2.66። ሬያልሹለ። አንዷ 3 ወደ 2 ብትወርድ ኖሮ 2.33 ነበር፣ ጊምናዚየም።

ለዚህ መላ አለው። ጊምናዚየሙ ራሱ ሦስት ቀን በጀርመንኛና በሒሳብ ይፈትናል፣ ያለፈ ይገባል። ባለቤቴ «እንሞክር፣ ሦስት ቀን ናት» አለ። ልክ ነበር፣ ሦስት ቀን ናት። እኔ ግን በመጋቢት አንድ ነገር አይቼ ነበር። የሬያልሹለው በር ለወላጆች በተከፈተበት ቀን ሄጄ አንዲት አስተማሪ ወረቀት ላይ መንገዱን ሣለችልኝ። ከሬያልሹለ 10ኛ ክፍል፣ ከዚያ ፎስ የሚሉት ትምህርት ቤት፣ እዚያ 13ኛ ክፍልን የጨረሰች አቢቱር የሚሉትን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ማስረጃ ይዛ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። ከሚተልሹለም ቢሆን ወደ 10ኛ ክፍል የሚያሻግር መስመር አለ። መንገዱ ይረዝማል፣ መጋጠሚያው ግን አልተዘጋም። ይሄን ወረቀት ሐበሻው ሰፈር ሲዞር አይቼው አላውቅም። የምንሰማው «ጊምናዚየም ያልገባ አለቀለት» የሚለውን ብቻ ነው። እኔም ይህን ከሰማሁበት ቡና ላይ ይዤው ነው የመጣሁት።

ልጅቷን ጠየቅናት። «ሦስት ቀን ሙሉ ፕሮበ ነው?» አለች። አዎ አልናት። ሆዷን ያዝ አደረገች። ባለቤቴ አየኝ፣ አየሁት። አልተመዘገብንም።

ትክክል ነበርን? አንዳንድ ሌሊት አሁንም ይቆረቁረኛል። ብትፈተን ታልፍ ይሆን ነበር። ያለ ቁጭት ወሰንኩ የሚል ወላጅ ካለ ያስተምረኝ።

የሥርዓቱን ጉድ ግን የተረዳሁት በኋላ ነው፣ ማታ ማታ ሳነብ። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ፣ ፒዛ (PISA) የሚሉት የየአገሩን ተማሪዎች የሚያወዳድር ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ጀርመንን ካስደነገጧት ነገሮች አንዱ የልጅ ውጤት ከወላጁ ኑሮና ትምህርት ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ ማየቷ ነው። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት መብት መርማሪ ቬርኖር ሙኞዝ ልጆችን በዚህ ዕድሜ መለያየቱን ነቅፈው ጻፉ። በ2010 ሃምቡርግ አንደኛ ደረጃን 6 ዓመት ላድርግ ብትል ተቃዋሚዎች ፊርማ አሰባስበው ለሕዝብ ውሳኔ አቀረቡት፣ ድምፅ ሰጪውም ውድቅ አደረገው። ልጆቻቸው አብረው እንዲቆዩ ያልፈለጉት ወላጆች ናቸው። ይሄ አናደደኝ። ቆይቶ ግን ያ ቀይ እስክሪብቶ የኔ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ጓደኞቼ አሁን ልጃቸው 3ኛ ክፍል ሲደርስ ይደውሉልኛል። የምነግራቸው ብዙ የለም። ፈተናው ሳይጀመር ሦስቱንም ትምህርት ቤት ሄደው እንዲያዩ፣ አስተማሪዋን በመስከረም እንጂ በጥር እንዳያገኟት፣ ዋናውንም ሆነ ኳሱን እንዳያስቆሙ። ሆድ ሲያምም የትኛው ቀን እንደሚያም እንዲቆጥሩ። መጽሐፎቹን ለሚፈልግ በነፃ እሰጣለሁ እላቸዋለሁ፤ ሦስቱ አልተነኩም።

ልጄ አሁን 7ኛ ክፍል ናት። ሬያልሹለም በ7ኛ ክፍል እንደገና ዘርፍ ያስመርጣል፣ መክፈል አይሰለቻቸውም። የሒሳቡን መረጠች። ለምን ስላት «መሰረዝ ስለሚቻል» አለችኝ። ቀለደች መሰለኝ። የእህቴም ልጅ ያኔ የማካካሻ ትምህርት ገብቶ ተሻግሯል።

ታናሹ ወንድሟ ደግሞ 3ኛ ክፍል ገብቷል። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ሲመጣ ጫማውን ሳያወልቅ «ፕሮበው ተመለሰ» አለኝ። 2 ነው። ጎበዝ አልኩት፣ ሳምኩት። ከዚያ አፌ ከኔ ቀድሞ «ሌሎቹስ ስንት አገኙ?» አለ።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንዳትነግራት!» አለችው እህቱ ከወዲያኛው ክፍል።